የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የመኝታ፣ የውኃና የክሊኒክ አገልግሎት ግምገማ፦ እከክና ቆረቆር በተማሪዎች መካከል ለምን ተዛመተ?

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚያወርደው አካባቢ ስለሚገኝ አንድ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት የምጽፈው ይህ ግምገማ ትምህርቱን አይመለከትም። መምህራኑ ትጉሃን ናቸው፣ ልጆቹም ያጠናሉ፤ በዚህ ረገድ የምጨምረው የለኝም። የምገመግመው ከክፍያው ትልቁን ድርሻ የሚይዘውንና ወላጅ ሲመዘገብ በቅጡ የማይመረምረውን የአዳሪነት አገልግሎት፣ ማለትም አልጋውን፣ ውኃውን፣ የልብስ አጠባውን፣ የፀጉር ቆረጣውንና ክሊኒኩን ነው። ባለፈው የትምህርት ዘመን በወንዶቹ መኝታ ሕንጻ እከክ፣ በታናናሾቹ ክፍሎች ደግሞ ቆረቆር ገብቶ ከጥቅምት እስከ የካቲት ሊገታ አልቻለም። ልጄ በዚያ ሕንጻ የሚኖር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የእህቴ ልጅም በሴቶቹ በኩል አለች። የትምህርት ቤቱን ስም የማልጠቅሰው የታመሙት ልጆች እንዳይታወቁ ስለምፈልግ ነው፤ በዚያ ላይ ያየሁት ጉድለት የአንድ ግቢ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ለማያውቁት ወላጆች ስለ በሽታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አገልግሎቱን የምመዝንበት ሚዛን ከበሽታው ባሕርይ የሚነሳ ነው። እከክን የምታመጣው በዓይን ለማየት እጅግ የምታስቸግር ጥቃቅን ተባይ ናት። ሴቷ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ቦርቡራ ትገባና በቀን 2 ወይም 3 እንቁላል እየጣለች ከአንድ እስከ ሁለት ወር ትኖራለች። በአንድ ታማሚ ገላ ላይ የሚገኙት ተባዮች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ብቻ ናቸው፤ እንቅልፍ የሚነሳው ማሳከክም የሚመጣው ሰውነት ለተባዮቹ፣ ለእንቁላላቸውና ለዓይነ ምድራቸው ከሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህ ምላሽ ከዚህ በፊት እከክ ይዞት በማያውቅ ልጅ ላይ እስኪታይ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ቀደም ሲል ይዞት የነበረ ልጅ ግን ዳግመኛ ሲያዝ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማሳከክ ይጀምረዋል።

እነዚህ ሳምንታት ለአዳሪ ትምህርት ቤት ምን ማለት እንደሆኑ በቀን መቁጠሪያ ላይ ማስላት ይቻላል። በመስከረም አጋማሽ ተባዩን ይዞ የገባ ልጅ ራሱን ማከክ የሚጀምረው በጥቅምት ሊሆን ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ጤነኛ መስሎ ከጓደኞቹ ጋር ተጠግቶ ተቀምጧል፣ ታግሏል፣ አብሮ ተኝቷል። ጓደኞቹ በኅዳር ይጀምራቸዋል፤ ለገና ወደየቤታቸው ሲሄዱም ታናናሽ እኅትና ወንድሞቻቸውን ያቅፋሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲያክክ የታየ ዕለት በሽታው በክፍሉ ውስጥ ወር ያህል ቆይቷል ብሎ መነሳት ይገባል። ይህን ያልተረዳ ትምህርት ቤት ክሊኒኩ የቱንም ያህል ቢደራጅ ከበሽታው ኋላ ኋላ ሲሮጥ ይኖራል።

አሁን ወደ መኝታ ክፍሎቹ ልመለስ። ሕንጻው አዲስ ነው፣ ወለሉ በየቀኑ ይወለወላል፣ መጸዳጃ ቤቶቹም በጎበኘኋቸው ጊዜ ሁሉ ንጹሕ ነበሩ። ይህን የምለው በሙሉ ልብ ነው፤ ጽዳት የሚሠሩት እናቶች ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ለስምንት ልጆች ታስበው በተሠሩት ክፍሎች ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ተጨምሮ አሥራ ስድስት ልጆች ይኖራሉ፤ በአንዱና በሌላው አልጋ መካከል ያለው ክፍተትም አንድ ልጅ በጎኑ ዞሮ የሚያልፍበት ብቻ ነው። እከክ በአየር አይተላለፍም፤ እንደ ሰላምታ ያለ አጭር ንክኪም ብዙውን ጊዜ አያስተላልፈውም። የሚተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካ ነው። የክፍሉ መጣበብ የሚጎዳውም በዚህ በኩል ነው፤ ልጆቹ ለብቻቸው የሚሆኑበት ስፍራ ስለሌላቸው የሚያጠኑትም፣ የሚጫወቱትም፣ የሚያወጉትም በአንድ አልጋ ላይ ተደራርበው ነው።

ብርዱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ከእንጦጦ ወዲያ ያለውን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚያውቅ ሰው ትምህርት ቤቱ ለአንድ ልጅ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ መስጠቱ ምን እንደሚያስከትል ለመገመት አይቸገርም። ታናናሾቹ ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ አልጋ ይተኛሉ፤ ሁለቱን ብርድ ልብስ ደርበው፣ ከቤት የመጣውን ጋቢ ከላይ ጥለው ተቃቅፈው ያድራሉ። ፕሮክተሯን ስጠይቃት አልካደችም፤ «ምን ላድርግ፣ በብርድ ሲንቀጠቀጡ እያየሁ ልለያያቸው?» አለችኝ። እኔም በእርሷ ቦታ ብሆን አልለያያቸውም ነበር። መለያየት የነበረበት ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለተኛ ወፍራም ብርድ ልብስ በመስጠት ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ የፕሮክተሯ ደግነት አይበቃም፣ የአስተዳደሩ በጀት ያስፈልጋል። በኔ ግምት በዚያ ሕንጻ ለእከክ መዛመት ከሁሉ የበለጠውን ድርሻ የያዘው ይህ የብርድ ልብስ እጥረት ነው።

የውኃውን ጉዳይ ብዙ ወላጆች ቀዳሚ ምክንያት ያደርጉታል፤ እኔ ሁለተኛ አደርገዋለሁ። ግቢው ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ሲሆን፣ በሳምንቱ ውስጥ ሲቋረጥ ሮቶዎቹ ለምግብ ቤትና ለመጸዳጃ ቤት ይቆጠባሉ፤ ልጆቹ ገላቸውን የሚታጠቡት ቅዳሜ፣ በአብዛኛው በቀዝቃዛ ውኃ ነው። ገላ መታጠብ ብቻውን የእከክን ተባይ አያጠፋም፤ በየቀኑ የሚታጠብ ልጅም ይያዛል። ይህ ማለት ግን ውኃ ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም። የታከከ ቆዳ ሲላጥ ባክቴሪያ ይገባበታል፤ ሳሙናና ውኃ በሌለበት ደግሞ ቁስሉ እየመገለ ይሄዳል። በጣቶቻቸው መሐል መግል የቋጠረ ቁስል ያላቸውን ልጆች አይቻለሁ። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ እንዲህ ባለ ቁስል ሲገባ አንዳንድ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ኩላሊትን የሚያሳብጥ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል «እከክ ብቻ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በበርካታ አካባቢዎች ድርቅ በደረሰ ጊዜ እከክ በወረርሽኝ መልክ መነሳቱን የሚያስታውስ ሰው የውኃ እጥረትና የሰዎች መጨናነቅ አብረው ሲመጡ ምን እንደሚያደርሱ ያውቃል።

የልብስ አጠባው አገልግሎት ደካማ ነው። ላውንደሪ ተብሎ የተሰየመው ክፍል ሁለት ማሽን ብቻ ያለው ሲሆን የደንብ ልብስና አንሶላ ይቀበላል፤ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስና ፒጃማ ግን ልጆቹ በሳፋ እንዲያጥቡ ይተዋል። ብርድ ልብስ የሚታጠበው በሴሚስተር አንድ ጊዜ ነው። የአሥራ ስድስት ልጆች ፎጣ በአንድ ገመድ ላይ ተደራርቦ ይሰጣል፤ በክረምቱ መጨረሻና በመስከረም ሳይደርቅ ይውላል፣ ያደረበትን እርጥበት ይዞም ተመልሶ ይገባል። ከሰው ገላ የወረደ የእከክ ተባይ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ ስለማይኖር በዚህ በኩል ያለው መፍትሔ ከባድ አልነበረም። በሙቅ ውኃ ሊታጠብ የማይችለውን ብርድ ልብስና ጃኬት በፌስታል አስሮ ለ3 ቀን፣ ለጥንቃቄም ለሳምንት ያህል ማቆየት ይበቃል፤ የታጠበውንም በካውያ መተኮስ ይረዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ተለዋጭ ብርድ ልብስ ነው፤ ያም እንደገና ወደዚያው ወደ ቁጥሩ ማነስ ይመልሰናል።

የቆረቆሩ ምንጭ ሌላ ነው። ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ የራስ ቅል ቆዳ ሕመም ሲሆን፣ በተለይ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ያጠቃል፤ ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ ይሳሳል፣ ቆዳው ይፈረፈራል። ትምህርት ቤቱ በየወሩ አንድ ፀጉር ቆራጭ ወደ ግቢው ያስመጣል። ሰውየው ጨዋና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቶንዶስ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራ በአንዱና በሌላው ልጅ መካከል የሚያደርገው ነገር ቢኖር ምላጩን በብሩሽ መጥረግ ብቻ ነው። በፈንገስ የተበከለ የፀጉር ብናኝ በብሩሽ አይለቅም። ቶንዶሱ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ ተፈትቶ ሊጸዳና በፀረ ተሕዋስ ሊታሽ ይገባው ነበር፤ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ቶንዶስ ተይዞ በየተራ መሥራት ይቻል ነበር። በሴቶቹ በኩል ደግሞ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሹሩባ የሚሠራሩት በአንድ ማበጠሪያ ነው። የእህቴ ልጅ የራሷ ማበጠሪያ አላት፤ ነገር ግን ለጓደኛ ማበጠሪያ መንፈግ ነውር መስሎ ስለሚታያት ትሰጣለች። እርሷን አልወቅሳትም። ሕጉን ማውጣት ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው፤ ሕግ ሲሆን ማንም ልጅ ንፉግ አይባልም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ክሊኒኩ ነው። ነርሷ ልጆቹን በትዕግሥት ትቀበላለች፣ በስማቸው ታውቃቸዋለች፤ የተሰጣት አሠራር ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነበር። አሠራሩ የመጣውን አንድ ልጅ ማከም፣ መድኃኒት ሰጥቶ ወደ መኝታ ክፍሉ መመለስ ነው። ልጁ ቅባቱን ይቀባል፤ በዚያው ሌሊት ግን ሳይታወቅበት ከተያዘ ጓደኛው ጋር አብሮ ይተኛል። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ያሳክከዋል፣ «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎም ሌላ ይታዘዝለታል። እንዲህ ያለው ሕክምና ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ወለሉን እየደጋገሙ እንደመወልወል ነው። ልጄ በዚህ መንገድ በተደጋጋሚ ታክሞ በተደጋጋሚ ተይዟል።

መድኃኒቶቹ በራሳቸው ጥሩ ናቸው። 5 በመቶ ፐርሜትሪን ከአንገት በታች መላውን ገላ፣ ጣቶች መሐል፣ ብብት፣ ወገብ፣ ኀፍረተ ሥጋና ውስጥ እግር ሳይቀር ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ከቆየ በኋላ ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። ቤንዚል ቤንዞኤትና የድኝ ቅባትም አሉ፤ የሚቀቡት ግን ለተከታታይ ቀናት ነው፣ የድኙ ሽታ ደግሞ ልጆቹን ያሳፍራቸዋል። ለክሊኒኩ የጎደለው መመሪያውን በተግባር የሚያስፈጽም ሰው ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቱቦውን ተሰጥቶት «ተቀባ» ቢባል የሚያሳክከውን ቦታ ብቻ ይቀባል፤ ጀርባውን ማን ይቀባለታል? እጁን ለእራት ሲታጠብም መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳል፣ መልሶ እንዲቀባ የሚያስታውሰው የለም። ማሳከኩ ከተሳካ ሕክምና በኋላም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ እንደሚችልም ለልጆቹ አልተነገራቸውም፤ ስለዚህ አንዳንዶቹ ቅባቱን በየቀኑ እየቀቡ ቆዳቸውን አስቆጥተውታል።

ወላጆችም ድርሻ አለን፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግምገማው ሚዛናዊ አይሆንም። ገሚሱ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ላከ፤ ገሚሱ ልጁን ጸበል ወሰደ። እምነትን አልነቅፍም፣ ከጸበሉ ጋር መድኃኒቱን ማስኬድ ይቻላል። አደገኛ ሆኖ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው፤ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ የስቴሮይድ ቅባት። ይህ ቅባት ማሳከኩንና ቅላቱን ለጊዜው ስለሚያስታግስ ልጁ የዳነ ይመስላል፤ ከሥር ግን ተባዩም ሆነ ፈንገሱ እንደተመቸው ይሰፋል፣ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። በቆረቆር በኩልም ቅባት ብቻውን አያድንም፤ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ድረስ ስለሚገባ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ከ6 እስከ 8 ሳምንት መውሰድ ያስፈልጋል። አንድ ታናሽ ልጅ ለወራት ቅባት ሲቀባ ቆይቶ ወላጆቹ ወደ አለርት ከወሰዱት በኋላ ነው ትክክለኛው ሕክምና የተጀመረለት። በ1965 (እ.ኤ.አ.) የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመው አለርት ዛሬ በአገሪቱ ዋነኛ ከሆኑት የቆዳ ሕክምና ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የሚገኝ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ተቋም በቅርብ እያለው የማማከር ልማድ አለማዳበሩ ያስቆጫል።

ሌላው ትልቅ እንቅፋት ኀፍረት ነበር። በሽታው በተነሳ ሰሞን አስተዳደሩ የታመሙትን ልጆች ከግቢው ጀርባ ወዳለ አንድ ክፍል ለየ፤ ከምግብ ቤቱም በተለየ ሰዓት እንዲበሉ አደረገ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ውጤቱ ግን ክፉ ሆነ። ሌሎቹ ልጆች ክፍሉን የቅጽል ስም አወጡለት፤ ከዚያ በኋላ የሚያሳክከው ልጅ ሁሉ መደበቅ ጀመረ። ልጄ ራሱ ለነርሷ «ሲስተር፣ እኔን አያሳክከኝም» እያለ በሌሊት በብርድ ልብሱ ሥር ሲያክ እንደነበር የነገረኝ ዘግይቶ ነው። ልጁ መድኃኒቱን ተቀብቶ ካደረ በማግስቱ ወደ ክፍል ሊመለስ ይችላል፤ ለሳምንታት የሚያገልለው የሕክምና ምክንያት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (እ.ኤ.አ.) እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በማንኛውም ወቅት በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደሚይዛቸውም ይገመታል። ይህን ያህል ሰው የሚይዝ ሕመም የአንድ ልጅ ወይም የአንድ ቤተሰብ ነውር ሊሆን አይችልም፤ ይህን በሰልፍ ላይ ለተማሪዎቹ የሚናገር አንድ መምህር ቢገኝ ኖሮ ብዙ ልጆች በጥቅምት ይታከሙ ነበር።

ለውጡ የመጣው በየካቲት፣ ከወላጆች ስብሰባ በኋላ ነው፤ ለዚህም አስተዳደሩን ማመስገን ፍትሕ ነው። ከወረዳው ጤና ጣቢያ ባለሙያ ተጋብዞ ከመጣ በኋላ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ ከፕሮክተሮቹና ከነርሷ ጋር፣ የወንዶቹ ሕንጻ ነዋሪ ሁሉ በአንድ ምሽት ታከመ። ጥፍር ተቆረጠ፤ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላውን ጀርባ ቀባ፤ ፕሮክተሮቹም የታናናሾቹን በየተራ ቀቡ። በማግስቱ አንሶላና ፒጃማ በሙሉ ወጥቶ ታጠበ፣ ብርድ ልብሱ በፌስታል ታሰረ። ከሳምንት በኋላ ሁሉም ተደገመ። ለወላጆችም በቤት ያሉ ሁሉ በተመሳሳይ ጊዜ እንዲታከሙ የሚያሳስብ ደብዳቤ ደረሰን። ከዚያ በኋላ በልጄ ክፍል አዲስ የታመመ ልጅ አልታየም። ለወራት ያልተቻለው ነገር በሁለት ምሽት የተቻለው መድኃኒቱ ስለተለወጠ አልነበረም፤ ፐርሜትሪኑ ያው ነበር፣ የተለወጠው ሁሉም በአንድነት መታከማቸው ነው።

አሁን የአገልግሎቱ ደረጃ ይህን ይመስላል። ክሊኒኩ በየወሩ መጀመሪያ የእጅ፣ የራስና የእግር ምርመራ ያደርጋል፤ ምርመራው ከመጋረጃ ጀርባ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻ ስለሚደረግ ልጆቹ አይሸሹትም። ፀጉር ቆራጩ ሦስት ቶንዶስና የማጽጃ አልኮል ይዟል። ለታናናሾቹ ክፍሎች ሁለተኛ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል፤ ለትልልቆቹ ገና ነው። የአልጋው ቁጥር ግን አልተቀነሰም፤ ለምን ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ የተመዝጋቢው ብዛት ነው፤ ይህን መልስ አልቀበለውም፤ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለውን የልጅ ቁጥር የሚወስነው ራሱ ነውና። ገላ መታጠቢያው አሁንም በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ይተከላል ተብሏል፣ እስካሁን አላየሁም።

በዚህ አካባቢ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚፈልግ ወላጅ ሲጎበኝ የሚታየው የጎብኚ ቀን ንጽሕና ነው፤ ስለዚህ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ገብቶ አልጋና ብርድ ልብስ ይቁጠር፣ ፎጣው የት እንደሚሰጣ ይመልከት፣ ፀጉር ቆራጩ በስንት ቶንዶስ እንደሚሠራ ይጠይቅ። ነርሷንም «አንድ ልጅ እከክ ቢይዘው ማንን ታክሚያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያሳውቃል፤ መልሷ «ልጁን» ብቻ ከሆነ የክሊኒኩ ዕቃ ብዛት አያታልለው። ልጁ ከገና ወይም ከሴሚስተር ዕረፍት ሲመለስ በመግቢያው ላይ ምርመራ መኖሩንም ያረጋግጥ፤ በሽታው በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢም ወደ ቤት ይጓዛልና።

ልጄንም የእህቴንም ልጅ ለሚቀጥለው ዓመት በዚያው አስመዝግቤያለሁ። ለምግቡና ለመምህራኑ ከፍተኛ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ለክሊኒኩ ከየካቲት በኋላ ላለው አሠራር መልካም፣ ከየካቲት በፊት ለነበረው ዝቅተኛ፤ ለመኝታ ክፍሉ ደግሞ መጨናነቁ እስካልተቃለለ ድረስ ማለፊያ ነጥብ አልሰጥም። ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያቀረብኳቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ በአንድ ክፍል ከአሥር ልጅ እንዳይበልጥ፣ ለትልልቆቹም ሁለተኛ ብርድ ልብስ እንዲሰጥ፣ የልብስ ማስጫው ጣሪያ ክረምቱ ሳይወጣ እንዲሠራ። የጣሪያው ቆርቆሮ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል፤ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ ካልተመታ ልጆቹ አዲሱን ዓመት የሚጀምሩት በእርጥብ ፎጣ ይሆናል።